መርዶሽን ለመምህርሽ ንገሪ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኦሃዮ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የክርስቲያን ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በተማሪ ቪዛ ነው። በዚህ ሴሚስተር 13 ክሬዲት ይዣለሁ። ከነሱ አንዱ የብሉይ ኪዳን መግቢያ የሚባል የግዴታ ኮርስ ነው፤ 3 ክሬዲት አለው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንማራለን። ሲላበሱ (የኮርሱ መመሪያ ወረቀት) ሦስት ቀን መቅረት ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ በቀረሽበት ቀን ቁጥር ግሬድሽ አንድ አንድ እርከን ይወርዳል። ዘጠኝ ከሞላ ኤፍ ነው። እኔ ስምንት ቀርቻለሁ።

አባቴ መስከረም 9 ቀን አረፈ። ቤተሰቦቼ ትምህርቷ እንዳይረበሽ ብለው ደበቁኝ። የሰማሁት መስከረም 23 ነው፤ እሱንም የአጎቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ፎቶ አይቼ። ቪዛዬ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስለነበር ሄጄ ማልቀስ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ከእናቴ ጋር ስልክ ላይ ነኝ። ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ኮሌጅ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ቻፕልም (የኮሌጁ የግዴታ ጸሎት) መሄድ ትቻለሁ።

የሚያናድደኝ ፈተናዎቹን በደንብ ሠርቻለሁ። እስካሁን ኤ ማይነስ ነኝ፤ ፈተናውን ካለፍኩ መገኘቴ ምን ያደርጋል? ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት፤ ኦሪቱን አውቀዋለሁ። የቮሊቦል ተጫዋቾቹ ለጨዋታ ሲቀሩ ምንም አይባሉም። ስለ ጸጋ ይሰብካሉ፣ ለእኔ ሲሆን ግን ጸጋ የለም። ድሮፕ ማድረጊያው የመጨረሻ ቀን የሚቀጥለው ዓርብ ነው። ኮርሱን ልተወው? ወይስ ኮሌጅ ልቀይር? ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ደግሞ «እኔ ለፕሮፌሰሩ ልደውል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከኦሃዮ

መልስ፦

የኔ ልጅ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እናትሽንም አንቺንም እግዚአብሔር ያጥናችሁ። አጠገብሽ ብሆን መጀመሪያ ለቅሶ እደርስሽ ነበር፤ የክላሱ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ግን ዓርብ እየደረሰ ስለሆነ አስቸኳዩን ልናገርና ወደ ሐዘንሽ ልመለስ።

ኮርሱን ድሮፕ እንዳታደርጊ። ቢያንስ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደሽ ሳታነጋግሪ እንዳታደርጊው። 13 ክሬዲት ነው ያልሽኝ። ከ13 ላይ 3 ሲነሳ 10 ይቀራል። በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያለ የዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ያለ ፈቃድ ከ12 በታች የወረደ ተማሪ ስታተሱን፣ ማለትም በተማሪነት አገር ውስጥ የመቆየት ሕጋዊ መብቱን፣ ያጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ድሮፕ የሚለውን መጫን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ማስተካከል ግን ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም አይስተካከልም። በአንድ ኮርስ ሲ ማግኘት ያሳዝናል። ስታተስ ማጣት ግን ከአገር ያስወጣል። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ አታስቀምጫቸው።

ከ12 በታች መውረድ የሚፈቀድበት መንገድ አለ። አንዱ የጤና ምክንያት ነው፤ ሐዘኑ እንቅልፍ ከልክሎሽ፣ ምግብ ዘግቶሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ ይህም ጤና ነው። ለዚያ ግን ፈቃድ ካለው ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የውጭ ተማሪዎች ቢሮው ኃላፊ ፈቃዱን ሴቪስ (የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ላይ የሚመዘግበው ኮርሱን ከመተውሽ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፤ መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ በመጨረሻ ድሮፕ። በኮሌጁ ውስጥ ያለ የምክር አገልግሎት ሠራተኛ የሚጽፈው ደብዳቤ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ማን መፈረም እንዳለበት ቀድመሽ ጠይቂ። «በኦንላይን ኮርስ እተካዋለሁ» ብለሽም አስበሽ ይሆናል። ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት በአንድ ሴሚስተር የሚቆጠርልሽ አንድ የኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው። አንዱን ይዘሽ ከሆነ ሁለተኛው አያድንሽም።

አሁን ወደ አባትሽ ልመለስ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ለማንም አልተናገርኩም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለቴም ቆምኩ። ቤተሰቦችሽ ለሁለት ሳምንት ደበቁሽ። ያደረጉት ስለሚወዱሽ ነው፤ አገራችን ውስጥ መርዶ ለሩቅ ልጅ እንዲህ ነው የሚያዘው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። አንቺ ጋ የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ስልክሽ ላይ አየሽው። አርባውም ጥቅምት ላይ ያለ አንቺ አለፈ። ይህ ከባድ ነው። ዘመድ ሳይከብሽ፣ እዬዬ ሳትይ፣ ነጠላ ሳታዘቀዝቂ፣ ሐዘንሽን ዶርም ውስጥ ብቻሽን ይዘሽው ቀረሽ።

ከዚያ አንቺም በተራሽ ደበቅሽ። ቤተሰብሽ አንቺን እንደ ደበቀሽ፣ አንቺም ኮሌጁን ደበቅሽው። ምናልባት «ምን ይሉኛል» ብለሽ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ለሰው ስትናገሪው እውነት እንዳይሆን ፈርተሽ ይሆናል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። እኛ አገር ግን መርዶ የሚደበቀው እስኪነገር ድረስ ነው። አንድ ቀን የሚያንኳኳ ሰው ይመጣል። ፕሮፌሰርሽ በር ላይ የሚያንኳኳ ግን ማንም የለም። ካልነገርሽ መቼም አይሰሙም።

ከእሳቸው ወንበር ሆነሽ እዪው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የስም ዝርዝሩን ይዘው ይቆማሉ። ከስምሽ ፊት ባዶ ሳጥን አለ። ሰኞ ባዶ። ረቡዕ ባዶ። ፈተና ሲሆን ትመጫለሽ፣ ጥሩ ትሠሪያለሽ፣ ደግሞ ትጠፊያለሽ። የሚያዩት ጎበዝ ሆና ክላሱን የናቀች ልጅ ነው። አባቷ የሞቱባት ልጅ አይታያቸውም። እንዴት ይታያቸዋል?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ዓመት የሠራሁት በአንድ ኮሌጅ የሬጅስትራር ቢሮ መስኮት ላይ ነው። አንድ ዓመት፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ ግሬድ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ አንድ የእኛው ልጅ መጣ። ሁለት ኤፍ አለው። ሁለቱም በመቅረት የመጡ ናቸው። ምንም ሳይናገር ጃኬቱ ኪስ ገባና አንድ ወረቀት አውጥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋው። አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ ነው። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ሆኗል፤ በአንደኛው በኩል ሊቀደድ ደርሷል። መሃሉ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። እናቱ ናት። የቀብር ሥነ ሥርዓቷ ላይ የታደለው ወረቀት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየቀኑ ኪሱ ይዞት ዞሯል። ለአንድም መምህር አላሳየም። «ለምን ቀድመህ አላመጣኸውም?» አልኩት። «እንዲያዝኑልኝ አልፈለግኩም» አለኝ። ግሬድ ከገባ በኋላ ያን ለማስቀየር አቤቱታ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ወራት አለ። መስከረም ላይ ቢሆን አንድ ኢሜይል ይበቃው ነበር። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። አንቺ ዘንድ ገና ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው ተቻኩዬ የምጽፍልሽ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ጻፊ። ነገ አይደለም። ሐሳቡ ይህን ያህል ነው፣ በእንግሊዝኛ አድርጊው፦

«ፕሮፌሰር፣ ጠዋት 2 ሰዓት በሚሰጠው የብሉይ ኪዳን ክፍልዎ ተማሪ ነኝ። እስካሁን ስምንት ቀን ቀርቻለሁ። አባቴ በመስከረም ወር ኢትዮጵያ ውስጥ አረፈ። ለቀብሩ መሄድ አልቻልኩም። ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮርሱን መጨረስ እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት በቢሮ ሰዓትዎ መጥቼ ላነጋግርዎ እችላለሁ?»

በቃ። አታርዝሚው። ስለ ቮሊቦል አታንሺ። ስለ ጸጋም አታንሺ፣ ጥቅስም አታስገቢ። ኮሌጁ የክርስቲያን ስለሆነ በጥቅስ ማግባባት የሚያስኬድ ይመስላል፤ የሚሰማው ሰው ግን እጁ የተጠመዘዘ ይመስለዋል። ሞቱን በግልጽ ቃል ተናገሪው። «የቤተሰብ ችግር ገጥሞኝ» ብለሽ አታድበስብሺው። «የቤተሰብ ችግር» የሚል ኢሜይል በሴሚስተር ብዙ ይደርሳቸዋል።

በዚያው ኢሜይል ላይ የተማሪዎች ዲንን ጨምሪበት። አብዛኛው ኮሌጅ ውስጥ ወላጅ የሞተበትን ተማሪ ጉዳይ የሚይዘው እሱ ቢሮ ነው። ማስረጃ ይጠይቁሻል። ይህን ሲሉሽ አትቀየሚ፤ ሁሉንም ነው የሚጠይቁት። እናትሽ ወይም ወንድምሽ ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሞት ምስክር ወረቀት አውጥተው ፎቶውን ይላኩልሽ። ወረቀቱ ከእጅሽ ከገባ ዲኑ ለሁሉም መምህራንሽ በአንድ ጊዜ ያሳውቃል። አንቺ አምስት ቦታ እየዞርሽ አምስት ጊዜ አታለቅሺም። ይህ ብቻውን ትልቅ እረፍት ነው።

ቢሮ ስትገቢ ምን ትጠይቂያለሽ? መጀመሪያ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቀን ሳልቀር ብጨርስ የት እደርሳለሁ ብለሽ ጠይቂ። ቀጥሎ፣ ዲኑ ካረጋገጠ ከመስከረም 23 በኋላ ያሉት ቀኖች በምክንያት እንደ ቀሩ ይቆጠሩልኝ ይሆን ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻው ኢንኮምፕሊት ነው፤ ቀሪውን ሥራ ከሴሚስተሩ በኋላ እንድትጨርሺ የሚፈቅድ ማለት ነው። እሱ የሚሰጠው ብዙውን ሥራ ለጨረሰ ተማሪ ነው፤ አንቺ ደግሞ ፈተናዎቹን ሠርተሻል። ግን ኢንኮምፕሊትን ወዲያው አትመኚው። የሚጨርስበት ቀነ ገደብ አለው፣ በጥር አዲስ ኮርስ ላይ ተደርቦ ይመጣል፣ ሳይጨረስ ኤፍ የሆነበት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

እምቢ ሊሉሽም ይችላሉ። ሲላበሱ ላይ የተጻፈው እንዳለ ይጸናል ቢሉሽ፣ ከሦስቱ በላይ አምስት ቀን ቀርተሻል፤ ኤ ማይነስ አምስት እርከን ወርዶ ሲ ይሆናል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ሲ ማለፊያ ነው። አንድ ሲ ሕይወትሽን አያበላሽም። በአባቷ ሞት ሴሚስተር ሲ ያገኘች ልጅ ነሽ፤ ነገ የሚጠይቅሽ ካለ ይህን ቀና ብለሽ ትናገሪዋለሽ።

አሁን ንዴትሽን ልያዘው። ስለ ቮሊቦሎቹ ያልሽው ልክ ነው፤ ሲያዩት ያበሳጫል። ግን ልዩነቱን እዪው። እነሱ ከመሄዳቸው በፊት የጉዞ ዝርዝራቸው መምህሩ ዘንድ ይደርሳል። አንቺ ደግሞ ከነሱ የበለጠ ምክንያት ይዘሽ ሳለ ዝርዝሩን ራስሽ ጋ አስቀመጥሽው። መምህሩ ያልደረሰውን ምክንያት ሊቀበል አይችልም።

«ፈተናውን ካለፍኩ መገኘቴ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ግን አልቀበልሽም። ኤ ማይነስሽን እያየሁም አልቀበልሽም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ክሬዲት ሲባል በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ፣ 15 ሳምንት ያህል ማለት ነው። የክፍሉ ሰዓት የክሬዲቱ አካል ነው። ኮርስሽ በሴሚስተሩ ወደ 45 ጊዜ ይገናኛል፤ አንቺ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን አልነበርሽም። ይህ ቁጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው።

የኛ ሰው ትምህርትን የሚጠራበትን ቃል አስቢው። የቅኔው ቤት፣ የመጽሐፉ ቤት፣ ጉባኤ ቤት ነው የሚባለው። ጉባኤ ማለት ስብሰባ ነው። የቆሎ ተማሪ አገር አቋርጦ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ቁራሽ እየለመነ የኔታ እግር ሥር የሚቀመጠው ብራና አጥቶ ብቻ አይደለም። ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው። አንዱ ሲስት ሌላው ይሰማል፣ የኔታ ሲያርሙ ሁሉም ይታረማል። የቀረ ተማሪ ትምህርቱ ብቻ አይደለም የሚያመልጠው፤ ጉባኤውም ይጎድላል። በሱ ጥያቄ የሚማር ሰው ነበረ።

ይህ አንቺን በቀጥታ ይመለከትሻል። የብሉይ ኪዳን መግቢያ ክላስ ውስጥ ነሽ። አንድ ቀን ስለ ቀኖና ይወራል፤ የትኛው መጽሐፍ ገባ፣ የትኛው ቀረ ይባላል። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞችሽ ብሉይና ሐዲስ ተደምሮ 66 መጻሕፍት ይዘው ያደጉ ናቸው። አንቺ 81 በሚቆጠርበት ቤት ነው ያደግሽው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉው የተረፉት በግእዝ ነው፤ የዓለም ሊቃውንት ለነዚህ መጻሕፍት ሲሉ ግእዝ ይማራሉ። ያን ውይይት ሲያደርጉ ያቺ ክፍል ውስጥ ሄኖክ ሲነበብ ሰምታ ያደገችው አንድ ልጅ አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ። ወንበርሽ ግን ባዶ ነው። ኦሪቱን አውቀዋለሁ ብለሻል። አምንሻለሁ። ለዚህ ነው መገኘት የሚገባሽ።

ኮሌጁንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ራሱን የክርስቲያን ኮሌጅ ብሎ የሚጠራ ተቋም አንዲት የውጭ አገር ተማሪ ከጥቅምት ጀምሮ ስትጠፋ፣ ቻፕልም ስትቀር፣ ቁጥሯን ብቻ መዝግቦ «የት ነሽ፣ ደኅና ነሽ?» የሚል ሰው ካልላከባት፣ አጥፍቷል። ሕጉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂ ማጣቱ ግን ልክ አይደለም። አቴንዳንስ የሚወሰደው የጠፋውን ለመፈለግ ካልሆነ ከቆጠራ አያልፍም። ይህን ነገሩ ሲረጋጋ ለዲኑ በትሕትና ንገሪያቸው። ከአንቺ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ይጠቅማል። ግን አሁን አይደለም። አሁን የምትጠይቂው ነገር አለሽ፤ ወቀሳና ልመና አንድ ቀን አይሄዱም።

ስለ ቻፕሉ ብዙ አልልም። የቻፕል ግዴታ ብዙ ጊዜ ከኮርስ ግሬድ ጋር አይገናኝም፤ የራሱ ቢሮና የራሱ ቅጣት አለው። የኮሌጁን ቄስ አነጋግሪና ለዚህ ሴሚስተር እንዲያቀሉልሽ ጠይቂ። በነገራችን ላይ ይህ ግዴታ የትናንሽ ኮሌጆች ብቻ አልነበረም፤ ሃርቫርድ ያስቀረው በ1886 ነው፣ ዬል በ1926። የአንቺው ኮሌጅ እስከ ዛሬ ጠብቆታል፣ አንቺም ስትገቢ ፈርመሻል። የኮሌጁ ቄስ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ቢሆኑም ሐዘንተኛ ማጽናናት ያውቃሉ። ዝም ብለሽ ግቢና ተቀመጪ፤ እንባሽ ከመጣም ይምጣ።

ኮሌጅ መቀየር? አሁን አይደለም። ሐዘን ላይ ሆኖ ቤት አይሸጥም ይባል የለ? ይህም እንደዚያው ነው። በሚቀጥለው ክረምት ልብሽ ረግቶ አሁንም ከፈለግሽ ያኔ እንነጋገራለን።

የአክስትሽን ፍቅር እረዳለሁ፤ ግን ትተወው። ከ1974 ጀምሮ ባለው የፌደራል ሕግ ኮሌጁ ያለ አንቺ የጽሑፍ ፈቃድ ስለ ትምህርትሽ ለአክስትሽ ምንም አይነግራትም። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ቢያነሱም «ልናገር አልችልም» ነው የሚሏት። ተቀይማ ትዘጋለች፣ አንቺም ሌላ ጣጣ ይገጥምሻል። አክስትሽ ልትረዳሽ ከፈለገች ሌላ ሥራ ስጫት። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትደውልና ትቀስቅስሽ። «ተነሳሽ?» ትበልሽ። እግርሽ ወለል እስኪነካ ስልኩን አትዝጋው። ሜሪላንድና ኦሃዮ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ አያስቸግራትም።

ከሁሉም የሚከብደው የሌሊቱ ስልክ ነው። እናትሽን ተዪያት አልልሽም። እንዴት እላለሁ? ግን ሰዓቱን ማዘዋወር ይቻላል። አሁን አሜሪካ ሰዓቷን ስላዞረች ኦሃዮና አዲስ አበባ መካከል 8 ሰዓት ልዩነት አለ። አንቺ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ስታወሪ፣ እናትሽ ጋ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ጠዋት ደግሞ ሰው ይመጣባታል፣ የምትሄድበትም ይኖራል። አንቺ ምሳሽን በልተሽ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ብትደውዪላት፣ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ የአባትሽ ወንበር ባዶ የሚሆንባት ሰዓት ያ ነው። ያኔ ድምፅሽን ብትሰማ ተረጋግታ ትተኛለች። አንቺም ሌሊቱን ትተኛለሽ። እውነቱን ንገሪያት ደግሞ፤ «እማዬ፣ ጠዋት ክላስ አለኝ፣ እየቀረሁ ነው» በያት። ልጇ ስምንት ቀን እንደ ቀረች ብታውቅ ስልኩን ቀድማ የምትዘጋው እሷ ናት።

አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎቼ ልጨምር፤ አንቺን አይመለከትሽም። የግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ኖሯቸው በፌደራል የትምህርት እርዳታ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ይህን ስሙኝ። ልጁ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ መማር ካቆመ፣ እርዳታው ተሰልቶ ከፊሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁም የቀረውን ከናንተ ይጠይቃል። በሁሉም ኮርስ ኤፍ ያመጣ ልጅ «እውነት ይማር ነበር ወይ?» ተብሎ የመጨረሻ የተገኘበት ቀን ይፈለጋል። ኦንላይን ገብቶ መውጣት ብቻውን እንደ መገኘት አይቆጠርም። ስለዚህ «ክፍያው አንዴ ተከፍሏል» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ልጃችሁ እየሄደ እንደሆነ ራሱን ጠይቁት።

ወደ አንቺ ልመለስ። ኢሜይሉን ስትጽፊ አብረሽ የምታነሺው ሌላ ቀን አለ። መስከረም 9 ካረፉ ሰማንያቸው ኅዳር መጨረሻ ላይ ይውላል። በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ብዙ ኮሌጅ ያኔ ፋይናል ፈተና ላይ ነው። የፈተና ፕሮግራምሽን አሁኑኑ እዪው። ከገጠመብሽ «ያ ቀን ለቤተሰቤ የመታሰቢያ ቀን ነው» ብለሽ ከወዲሁ ተናገሪ። ለሚያዝያም እንዲሁ አድርጊ፦ በ2018 ዓ.ም. የእኛ ስቅለት ሚያዝያ 2 ነው፣ በነሱ አፕሪል 10። የኮሌጅሽ ስቅለት ደግሞ አንድ ሳምንት ቀድሞ አፕሪል 3 ነው። ዓርብ ክላስ ካለሽ በጥር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ሲላበስ ሲታደል፣ ለመምህሩ ንገሪ። ሦስት ወር ቀድሞ የሚነገርን ቀን እምቢ የሚል መምህር ጥቂት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ክላስ ስትገቢ ኋላ አትቀመጪ። የተለመደው ቦታሽ ተይዞ ከሆነ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ፕሮፌሰሩ ስም ሲጠሩ ጮክ ብለሽ «አለሁ» በይ። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም። ኢሜይሉን አንብበው ከሆነ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ደግሞ የአባትሽን ስም አልጻፍሽልኝም። የክርስትና ስማቸውን ላኪልኝ። ሰማንያቸው ዕለት እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያን አስጠራቸዋለሁ።